«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ ሁለተኛው እልፍ ስንት ነው?

ጥያቄ (ከሀዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በሚሄድ ባጃጅ ጀርባ ላይ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» የሚል ተጽፎ አየሁ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ካለህበት ፈቀቅ ብትል ብዙ ታገኛለህ ማለት ነው። መጠየቅ የፈለግኩት ሌላ ነው። ሁለቱ እልፎች አንድ ቃል ናቸው? ሁለተኛውስ ዝም ብሎ «ብዙ» ነው ወይስ ልክ አለው?

መልስ፦
ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ወንድሜ። የመጀመሪያው የ«አለፈ» ዘመድ ነው። ግዕዙ «ኀለፈ» ነው፤ «ኅልፈት» ስንል ያ ኀ አሁንም አለ። ሁለተኛው ግን ከመነሻው በ«አ» ወገን የሚጻፍ የቁጥር ስም ነው። የዐረብኛው አልፍና የዕብራይስጡ ኤሌፍ ዘመዶቹ ናቸው። እነሱ ጋ 1,000 ነው፣ እኛ ጋ 10,000። ጮክ ብለህ ስታነበውም ይለያል። «እልፍ ሲሉ» ላይ ፍ ይጠብቃል፣ «እልፍ ይገኛል» ላይ ይላላል። ተረቱ የሚያምረው በዚህ ነው።

መልስ፦
እኔ እዚሁ ሀዋሳ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ስለ ቁጥሩ ልጨምር። እልፍ ልክ ያለው ቁጥር ነው። ሴቶቹ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት እልፍ ብለው ሲዘፍኑ ሳኦል የተቆጣው ልዩነቱ ስለገባው ነው።

ከ20ዎቹ የግዕዝ ቁጥር ምልክቶች የመጨረሻው ፼ ነው። ሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ፲፻ ተብሎ ይጻፋል፣ አሥር መቶ። ከ፻ ቀጥሎ የሚመጣው ምልክት ፼ ነው፣ መቶ ጊዜ መቶ። ሁለት ፼ ጎን ለጎን ስታቆም እልፍ ጊዜ እልፍ ይሆናል፣ 100,000,000።

አሁን በጣም ወደምወደው ቁጥር ልውሰዳችሁ። እልፍ ጊዜ እልፍ ላይ አንድ ጨምሩ። 100,000,001። ሲያዩት ምንም የሚያካፍለው አይመስልም። ግን ለ17 እኩል ይካፈላል፤ ድርሻው 5,882,353 ነው። ይህ ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ተማሪዎች ፕራይም የሚሉት፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው።

እስቲ 5,882,353ን ለሁለት ቁረጡት። 588 እና 2,353። እያንዳንዱን በራሱ አባዙት። 345,744 እና 5,536,609 ይመጣል። ደምሯቸው። ተመልሶ ያው 5,882,353! እባካችሁ በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት፤ በቃል ከምነግራችሁ በላይ ደስ ይላል።

አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። 100,000,001 ማለት የ10,000 ካሬ (10,000 በራሱ ሲባዛ) ሲደመር የ1 ካሬ ነው። የ8,824 ካሬና የ4,705 ካሬም ሲደመሩ እዚያው ይደርሳሉ። 8,824 ከእልፍ ላይ የ588 እጥፍ ሲቀነስ ነው። 4,705 ደግሞ ከ2,353 እጥፍ ላይ 1 ሲቀነስ። ቅድም የቆረጥናቸው ሁለቱ ቁጥሮች ከዚህ ነው የመጡት። አንድ ቁጥር በሁለት የተለያየ መንገድ የሁለት ካሬዎች ድምር ከሆነ ብቸኛ ሊሆን እንደማይችል የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳይቷል። እና 17ን ሳናውቅም ይህ ቁጥር አካፋይ እንዳለው ማወቅ እንችል ነበር ማለት ነው። ቁጥር ትልቅ ሲሆን ጭጋግ አይሆንም። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው፤ ለዚህ ነው እልፍን «ብዙ» ብሎ መተው የማይሆንልኝ።

ጠያቂው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሞከርኩት፣ እውነትም ያው ነው። ግን ተረቱ በቁጥር ዓለም ይሠራል? እልፍ ብሎ ሄዶ ባዶ የሚያገኝ የለም?

መልስ (መምህሩ)፦
አለ እንጂ ልጄ! ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቸኛ ቁጥሮችን ፍለጋ ወጣህ እንበል። እስከ 10,000 ድረስ 1,229 ታገኛለህ። እልፍን እንዳለፍክ 10,007 እና 10,009 ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁሃል። ወደ ፊት ግን እየሳሱ ይሄዳሉ።

እንዲያውም ልክ አንድ እልፍ ሙሉ ባዶ ላሳይህ። ከ1 እስከ 10,001 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ አባዛቸው። ውጤቱ 35,664 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በላዩ ላይ 2 ብትጨምር ለ2 ይካፈላል። 3 ብትጨምር ለ3። እንዲህ እያልክ እስከ 10,001 ብትሄድ ሁሉም አካፋይ አላቸው። 10,000 ተከታታይ ቁጥሮች፣ አንድም ብቸኛ የለባቸውም።

ግን ባዶው ያልቃል። ይህን ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጦልናል። የምታውቃቸውን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አባዛና 1 ጨምር። የመጣው ቁጥር ለየትኛቸውም ቢካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ወይ ራሱ አዲስ ብቸኛ ነው፣ ወይ አዲስ ብቸኛ አካፋይ አለው። ከ2 እስከ 13 ያሉትን ስድስቱን አባዝተህ 1 ብትጨምር 30,031 ይመጣል፤ ሦስት እልፍ ከ31። እሱም 59 ጊዜ 509 ነው። ሁለቱም ዝርዝርህ ውስጥ አልነበሩም።

ሌላ አባል፦
እስካሁን ከተገኙት ትልቁስ በእልፍ ሲነገር ስንት ይሆናል?

መልስ (መምህሩ)፦
በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ነው ያገኘው፤ ጂምፕስ በሚባለው የበጎ ፈቃደኞች የኮምፒውተር ፍለጋ። 136,279,841 ሁለቶችን አባዝተህ 1 ስትቀንስ የሚመጣው ቁጥር ነው። በእልፍ ልንነግራችሁ የምንችለው ርዝመቱን ነው። 4,102 እልፍ ከ4,320 አሃዝ አለው።