ቪትሴን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልገዛ ነው፤ ኢንሹራንሱስ?

የቪትሷ ባለቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ኮድ 2 ቪትስ አለችኝ። ፉል ኢንሹራንስ አላት፣ የሚያልቀው ሚያዝያ ላይ ነው። አሁን ገዢ ተገኝቷል። በሽያጩ ላይ ከባንክ ብድር ጨምሬ ቢዋይዲ ልገዛ ነው።

የቪትሷን ኢንሹራንስ ወደ አዲሷ ማዞር ይቻላል? ወይስ አፍርሼ እንደ አዲስ ልግባ? እስካሁን ካሳ ጠይቄ ስለማላውቅ ቅናሽ አለኝ፣ እሱስ ይጠፋብኛል?

ሌላው ደግሞ ገዢው ስም ማዞሩን ቆይቶ ሊጨርሰው፣ ለጊዜው ውክልና ብቻ ስጪኝ ይላል። ደላላው «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሸጠው» እያለ ያጣድፈኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በበኩሉ «አዲስ መኪና ስትገዢ የድሮው ኢንሹራንስ ለተወሰነ ቀን በራሱ ይሸፍንሻል» አለኝ። እኛ ጋ ይሠራል?

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ

እህቴ፣ ይዞራል። አታፍርሺው።

ደንበኛ ራሱ ውሉን ሲያቋርጥ ተመላሹ በቀሩት ወራት ልክ አይሰላም። የአጭር ጊዜ ተመን የሚባል አለ፣ ኩባንያው ከተጠቀምሽበት ወር በላይ ቆርጦ ያስቀራል። ግማሽ ዓመት ተጠቅመሽ ግማሽ ገንዘብ እመለሳለሁ ካልሽ ታዝኛለሽ። መኪና መተካት ግን ሌላ ነው። የቀረው አረቦን (የከፈልሽው የኢንሹራንስ ክፍያ) ለአዲሷ ይታሰብልሻል፣ ልዩነቱን ትከፍያለሽ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይሆንም። አረቦን የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ነውና ከቪትስ ወደ ቢዋይዲ ስትሄጂ ራስሽን አዘጋጂ።

የምታደርጊው፦ አጭር ማመልከቻ ጽፈሽ የአዲሷን ሊብሬ ኮፒ ይዘሽ ሂጂ። ሊብሬ ገና ካልወጣ የግዢውንና የጉምሩኩን ወረቀት ያዢ። ሰሌዳ ባይኖራትም በሻንሲና በሞተር ቁጥር ይጻፍልሻል፣ ሰሌዳው ሲወጣ ይጨመራል። ዋናው ነገር ኢንዶርስመንት የሚሉትን የውል ማሻሻያ ማህተም ተደርጎበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሸፍን ተጽፎበት በእጅሽ መያዝ ነው። «ነገ እናስገባዋለን፣ አንቺ ንጂ» የሚል የስልክ ቃል ላይ እንዳትተማመኚ። አደጋ የደረሰ ቀን ማንም አያስታውሰውም።

ቅናሹ ደግሞ የአንቺ ነው፣ የመኪናዋ አይደለም። እዚያው ኩባንያ ከቆየሽ ይከተልሻል። ኩባንያ ከቀየርሽ ግን ካሳ እንዳልጠየቅሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሁኑ አስጽፈሽ ውጪ።

ከሜሪላንድ

ወንድምሽ አልዋሸም፣ የሚያወራው ግን ስለ አሜሪካ ውል ነው። እዚህ ብዙ ፖሊሲዎች አዲስ የተገዛን መኪና ለጥቂት ቀናት፣ ብዙ ጊዜ 14 ወይም 30 ቀን፣ ይሸፍናሉ። እሱም ቢሆን በጊዜው ካላሳወቅሽ ይቋረጣል። ውሉ ውስጥ የተጻፈ መብት ነው እንጂ የኢንሹራንስ ሁሉ ጠባይ አይደለም።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ

ልክ ነው። እኛ ጋ የሚሸፈነው ውሉ ላይ ሰሌዳውና ሻንሲው የሰፈረው መኪና ነው። ያልተጻፈ መኪና አልተሸፈነም።

የሰሚት ልጅ

ውክልናው ላይ ብዙ አትጨነቂ። እኔ የድሮዋን ኮሮላ በውክልና ነው የሸጥኳት፣ እስካሁን ምንም የመጣብኝ ነገር የለም።

ጠበቃው ነኝ

አልመጣም ማለት አይመጣም ማለት አይደለም፣ ወንድሜ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2081 ተመልከት። መኪና ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መሪው ላይ ሌላ ሰው ቢኖርም። ሊብሬው በስምህ እስካለ ተጎጂው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንተ ነው። «ሸጫለሁ እኮ» ብለህ ለመከራከር በእጅህ ምን ወረቀት አለ?

እህቴ፣ ስሙ ቢዞር ይሻላል። ገዢው የግድ ቆይቼ ካለ፣ ከውክልናው በተጨማሪ የሽያጭ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የስም ማዞሪያ ቀነ ገደብም ውሉ ላይ ይግባ። ያው ሊብሬው እስኪዞር ሙሉ በሙሉ አታርፊም፣ ግን ባዶ እጅሽን አትቆሚም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ፉሉን ወደ አዲሷ ስታዞሪ የቪትሷ ሶስተኛ ወገን አብሮ እንዳይነሳ። ስሙ እስኪዞር እሱ መኪናዋ ላይ ይቆይ። ገዢው ሰው ቢገጭ ለተጎጂውም ለአንቺም መከላከያው እሱ ነው። አዲሷ የራሷ ሶስተኛ ወገን ያስፈልጋታል። ስቲከሩን ከአንዱ መስታወት ልጦ ሌላው ላይ መለጠፍ አይቻልም።

የቪትሷ ባለቤት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ደላላው አይወደውም ግን እንደዛ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቢዋይዲዋን የምረከበው ቪትሷን ሳላስረክብ ከሆነስ? ለአንድ ሳምንት ያህል ሁለቱም እኔ ጋ ይሆናሉ።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከተካሽ ቪትሷ ከፉል ወጣች ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ብትጋጭ የራስሽን መኪና ጥገና ከኪስሽ ነው። ስለዚህ «ተካልኝ» አትበይ። «አዲሷን ጨምርልኝ» በይ፤ ውሉ ሁለት መኪና ይይዛል። ቪትሷን ያስረከብሽ ቀን ደግሞ ከፉሉ በደብዳቤ አስወጫት። የዚያች ሳምንት ክፍያ ትንሽ ናት። ስታስወጫት ግን የቀረው አረቦን ለአዲሷ ይታሰብልሽ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፣ እንደ ማቋረጥ እንዳይቆጥሩብሽ።

ባንኩንም እንዳትረሺ። ብድሩ ባለበት መኪና ላይ ባንኩ የካሳው ተጠቃሚ ሆኖ ውሉ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ያ ደብዳቤ ሳይደርስ ብድሩ ላይለቀቅ ስለሚችል ሁለቱን ቢሮ ቀድመሽ አገናኚያቸው።

ጋራዥ ያለኝ

እኔ ስለ ዋጋው ልናገር፣ ጋራዥ የሚመጣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከሱ ነው። አረቦን ለመቀነስ ተብሎ መኪና በርካሽ ይመዘገባል። 3 ሚሊዮን የሚያወጣውን በ2 ሚሊዮን አስገባሽው እንበል። የ300 ሺህ ብር ጉዳት ደረሰ። ኩባንያው 300 ሺውን አይከፍልም። ሁለት ሦስተኛውን ነው ያሸፈንሽው ብሎ 200 ሺህ ያስባል፣ ከዚያ ላይም በየአደጋው ራስሽ እንድትችይ ውሉ የጣለብሽን ድርሻ ይቀንሳል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የመኪና ዋጋ ባለበት አልቆመም። በግዢ ዋጋ አስገብተሽ አትርሻት። በየእድሳቱ የዛሬውን ዋጋ እያስተካከልሽ ሂጂ።

ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ስለ ባትሪው በጽሑፍ ጠይቂ። የመኪናዋ ትልቁ ዋጋ እዚያ ነው፣ የተቀመጠውም ከሆዷ ስር። ድንጋይ ላይ ወጥታ ከታች ብትመታ እንደ ግጭት ይቆጠራል ወይ? ጎርፍስ? በእድሜ የደከመ ባትሪን ማንም አይከፍልሽም፣ እሱ ግልጽ ነው። የቻርጀሩ ገመድም ዋጋ አለው፣ ከመኪናዋ ጋር ይመዝገብ። የትኛው ጋራዥ እንደሚጠግናት አሁኑኑ ይነገርሽ። ኤሌክትሪክ የማይነካ ጋራዥ ከላኩሽ መኪናሽ እዚያው ቆማ ትከርማለች።

ስፖኪዮ ቢሰረቅ ይከፈላል ወይ ብለሽም ጠይቂ። አዲስ አበባ ነን!

የሰሚት ልጅ

ስፖኪዮዋ ላይስ ሳቅኩ፣ የኔ ሁለቴ ተወስዷል። ቪትሷ ላይ የነበሩት ተጨማሪ ሽፋኖችስ አብረው ይዞራሉ? እኔ ክፍለ ሀገር ስለምወጣ የሁከቱንና የሽፍታውን ጨምሬ ነበር።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ

በራሳቸው ይዞራሉ ብለህ አታስብ። ሁከት፣ ሽፍታና ሽምቅ ተዋጊ፣ የተሳፋሪ ሽፋን እያንዳንዳቸው ክፍያ አላቸው። ኢንዶርስመንቱ ላይ በስማቸው ተዘርዝረው ካላየህ አልዞሩም። እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመህ አንብበው።

የቪትሷ ባለቤት (ጠያቂ)

ገብቶኛል። ሰኞ መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ እሄዳለሁ። መኪናዋን ግን ሻጩ ቅዳሜ ከሰዓት ውሰጃት እያለኝ ነው።

ኢንሹራንስ ቤት የሠራሁ

ቅዳሜ ከሰዓት አትረከቢ። ቅርንጫፉ ዝግ ከሆነ እስከ ሰኞ ያለ ሽፋን ነው የምትነጂው። ሰኞ ወረቀቱን ይዘሽ ከዚያ ቀጥታ ሻጩ ጋ ሂጂ።