ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ የ1920ዎቹ አፓርታማ፦ ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አፐር ዌስት ሳይድ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮ-ኦፕ (ሕንፃው የነዋሪዎቹ የጋራ ማኅበር የሆነ አፓርታማ) ለሽያጭ ቀርቧል፤ ዋጋው 1,010,000 ዶላር ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ወለሉ ኦክ። ምን ልመርምር?

መልስ
እህቴ፣ መጀመሪያ ዋጋውን ወደ 999,000 አስወርጂ። ከ1 ሚሊዮን ጀምሮ ገዢው ከሙሉ ዋጋው ቢያንስ 1 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ማለት ነው። ኮ-ኦፕ ስትገዢ የሚደርስሽ አክሲዮንና የመኖሪያ ውል ስለሆነ ጠበቃሽ የሕንፃውን ሒሳብና የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ያንብብ። ሕንፃው የባንክ ዕዳ ካለበት የብድር ውሉ መቼ እንደሚታደስ ጠይቂ፤ ወለዱ ከጨመረ ወርሃዊ ክፍያሽም ይጨምራል።

መልስ
ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ አንድ ላይ ክፈቺ። ውሃው ከቀጠነ የድሮው የብረት ቧንቧ ውስጡ ዝጎ ጠቧል፤ ግድግዳ ሳይፈርስ አይቀየርም። ራዲያተሩ (በእንፋሎት የሚሠራው የቤት ማሞቂያ) ባለ አንድ ቧንቧ ከሆነ እንፋሎቱ የሚገባውም ውሃው የሚመለሰውም በዚያው ነው። ስለዚህ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይም ይዘጋ፤ ግማሽ ከሆነ ይንኳኳል፣ ያንጠባጥባል። ራዲያተሩ ወደ ቫልቩ ትንሽ ማዘንበል አለበት። የመስኮቱ ቀለም እርሳስ (መርዛማው ብረት) እንዳለበት ሳይመረመር አይፋቅ፤ ከተማው እርሳስ ያለበትን ቀለም ለመኖሪያ ቤት የከለከለው በ1960 ነው።

መልስ
ከስድስት ፎቅ በላይ ከሆነ የውጭ ግድግዳው በየተወሰነ ዓመቱ በሕግ ይፈተሻል። የመጨረሻውን ሪፖርት ጠይቂ። ጥገና ከቀረው ወጪው በልዩ መዋጮ ለባለአክሲዮኖች ሊደርስ ይችላል፣ ለአንቺም ጭምር።