ያገለገለ የፊልም ካሜራ ለምትፈልጉ፦ ፔንታክስ፣ ካኖን ወይስ ዜኒት?

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ታናሽ ወንድሜ ሦስት ያገለገሉ ካሜራዎች ቀርበውለት «የትኛውን ልግዛ?» ብሎኛል። ፔንታክስ ኬ1000፣ ካኖን ኤኢ-1 እና ዜኒት ኢ ናቸው። ደሴም ይህንኑ የሚጠይቁኝ ስላሉ መልሱ ለሁላችሁም ይሁን።

እኔ ብሆን ፔንታክሱን ነው የምይዘው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተመረተ፣ ጌጥ የማያውቅ ካሜራ ነው። ሹተሩ፣ ማለትም ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ፣ የሚሠራው በጥርስና በሞላ ስለሆነ ባትሪ የሚፈልገው ብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ እርሷም ካልኩሌተር ውስጥ የምናውቃት ትንሽ ክብ ባትሪ ናት። ብታልቅም ፎቶ ማንሳቱ አይቋረጥም። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ መለኪያው ማጥፊያ የለውም። የሌንሱን ክዳን ሳትገጥም ካሳደርኸው ባትሪዋን ሲበላ ያድራል።

ካኖኑ መልከ መልካም ነው፤ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳም ራሱ ይመጥንልሃል። ነገር ግን ያለ 6 ቮልት ባትሪው ድንጋይ ነው፣ አንድም ፎቶ አያነሳም። ስትተኩሰው እንደ ጉንፋን የያዘው ሰው ካሳለ ደግሞ የውስጡ ቅባት ደርቋል ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ቢበላሽ እዚህ ለማን እንደምትሰጠው አስቀድመህ አስብ።

ዜኒቱን ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ሶቪየት ሠራሽ ነው፣ ይከብዳል፣ የሹተሩ ፍጥነትም ከሰከንድ 1/30 እስከ 1/500 ብቻ ነው። ሌንሱ ሄሊዮስ ከሆነ የሰው ፊት ላይ የሚሰጠው ውበት ከዋጋው በላይ ነው። መከራው ቀዳዳውን ስታጠብብ መመልከቻውም አብሮ መጨለሙ ነው፤ የጦሳን ተራራ ጉም ሲያለብሰው የምታነሳውን ሰው በዳበሳ ትፈልገዋለህ። ብርሃን መለኪያው ያለ ባትሪ የሚሠራ ቢሆንም በዕድሜ ብዛት የሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አትዘን፦ የብርሃን ስሜቱ (ISO) 100 የሆነ ፊልም ጫን፣ በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ ፍጥነቱን 125 ላይ አድርግ፤ አታፍርም።

ከስሙ ይልቅ ግን ሆዱን እዩ። እኔ የመጀመሪያውን ዜኒቴን ከሰው ሳጥን ውስጥ አስወጥቼ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ገዛሁና በዚያው ሳምንት የአክስቴን ልጅ ሰርግ አነሳሁበት። ፊልሙ ሲታጠብ ሙሽሮቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ዘንቦባቸው ወጡ። የሹተሩ የጨርቅ መጋረጃ በመርፌ እንደተወጋ ተበስቶ ኖሯል። አክስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። የኋላውን ክዳን ከፍቼ፣ ሌንሱን ፈትቼ መጋረጃውን በእጅ ባትሪ ብርሃን ባየው ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሌንሱንም እንዲሁ ብርሃን አሳልፋችሁ እዩት። ትንሽ አቧራ አያስጨንቅም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ግን ሻጋታ ነው። ቆዳ ማህደር ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ካሜራ እርጥበት ስለሚይዝ በተለይ ተጠራጠሩት።

የፔንታክሱን ሹተር ፍጥነት 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ ተኩስና ጆሮህን አስጠጋ። ሲጎተት ወይም መሐል ላይ ሲቆም ከሰማህ ቅባቱ ጠጥሯል። ይህን ፈተና ኮምቦልቻ በቀትር አታድርገው፤ ሙቀቱ ስንፍናውን ይደብቅለታል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ላይ፣ በጠዋት ብርድ ሞክረው።

የኋላ ክዳኑ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ስፖንጅ ሟሙቶ እጅ ላይ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል። ሻጩ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ቢቆጥረው ደስ ይበልህ፤ ዋጋ ማስቀነሻ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ስፖንጁን ፍቀህ በቦታው ጥቁር የሱፍ ክር ብታስተኛበት ብርሃን አያሳልፍም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ የፔንታክሱ ሰከንድ ካልተጎተተ እርሱን ውሰድ፤ ከተጎተተ የዜኒቱን መጋረጃ አይተህ እርሱን ያዝ። ካኖኑን ተወው። የመረጥኸውን ይዘህ ቅዳሜ ና፤ ክሩ እኔ ቤት አለ።