የጅማ በርጩማ በጅማ ሳሎን ቦታ አጣ፤ ዋጋ ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

የዋንዛ ልጅ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በርጩማ ጠራቢ ነው፤ እኔም ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ከእሱ ጋር ስጠርብ አድጌአለሁ። ሥራችን የምታውቁት ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ይወጣል፤ ምስማር የለውም፣ ኮላ አይነካውም። በመጥረቢያ ቅርጹን እናወጣለን፣ መቀመጫውን በመሮ እንደ ሳህን እንፈለፍለዋለን፣ ከዚያ መዳፍ ሲያልፍበት ምንም እስከማይሰማው ድረስ በብርጭቆ ወረቀት እንፈትገዋለን። እግሩ ሦስት የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ አራት እግር ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር የትም ይቆማል።

ያስቸገረኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋውን ከ1,200 ብር ወደ 900 አወረድኩ። የሸጥኩት ጨመረ? እንዲያውም አነሰ። አንድ ሐሙስ፣ በሂርማታ ገበያ፣ አንዲት ሴት በርጩማውን አንስታ ገለበጠችውና «ምን ሆኖ ነው የረከሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልሆነም አልኳት። መልሳ አስቀምጣው ሄደች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን እቁብ ደረሳትና ሶፋ ገዛች። ከመኪና ያወረድነው እኛ ነን። ውስጡ ቺፑድ ነው፤ እጀታውን ስይዘው ላላ ማለቱ ተሰምቶኛል። እስከ ዛሬ ላስቲኩ አልተነሳለትም። አባቴ ለሠርጓ የሠራላት ሁለት በርጩማ ግን ወደ ጓዳ ገብቷል። አንድ ቀን ዕቃ ልመልስላት ሄጄ አየሁት፤ እንጀራ ስትጋግር የምትቀመጥበት እሱ ነው። መቀመጫው ከመቀመጥ ብዛት የተነሳ እንደ ቅቤ ያብረቀርቃል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋበታል።

ከአዲስ አበባ መጥቶ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አይቶ የሚመለስ ሰው ደግሞ ዋጋ እንኳን ሳይከራከር አራት ይወስዳል። አንዱማ የአባቴ ስም ከሥሩ እንዲቀረጽለት ለምኗል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ሲገዙ ቤተ መንግሥታቸው ራሱ የእንጨት ሥራ ነበር፤ ያኔ በዚህ ከተማ ባለሙያ የጠረበው እንጨት የክብር ዕቃ ነበር ማለት ነው። እንጨቱ ያው ነው። ታዲያ ምኑ ተለወጠ? እኔስ ዋጋ ልጨምር ወይስ ልቀንስ?

እናት ከመንደራ

ልጄ፣ እጃችሁ ይባረክ። ጎረቤትህን ግን አትፍረድባት። ለታላቋ ልጄ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቴ ውስጥ የነበረው በርጩማና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ረጅም ሰው ናቸው፤ በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደረሰ። ምንም አልተናገሩም። ዓይናቸው ግን ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን ዞረው ዞረው ሲያዩ እኔ ከጓዳ ሆኜ አየሁ። ቡናውን ሳቀርብ እጄ ተንቀጠቀጠ። በማግስቱ እቁብ ገባሁ፤ ሁለት ዓመት ጠብቄ ሶፋ ገዛሁ።

ለአዲስ አበባው ሰው በርጩማው ድህነቱን አይናገርበትም፤ ከጎኑ ትልቅ ቴሌቪዥንና ምንጣፍ አለ። እኔ ቤት ብቻውን ሲቀመጥ የሚናገረው ሌላ ነው። አንተ እንጨት ነው የምታየው፤ እኛ እንግዳው የሚያስበውን ነው የምናየው።

ቡና ነጋዴ ከአጋሮ

እናት እውነታቸውን ነው። ቡና በተሸጠ ማግስት ገበሬው መጀመሪያ የሚገዛው ቆርቆሮ ነው። ፍራሽ ቆይቶ ይመጣል፤ ፍራሹን ከመንገድ ማን ያየዋል?

ጅማ ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር

ወንድሜ፣ አንተ ያልካቸው ዓይነት ገዢ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኜ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ በርጩማዎቹን አልጋ ሥር እገፋቸው ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ውስጥ ሦስት አሉኝ፤ እንግዳ «ከየት ነው?» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ልጆቼ ኦሮምኛ አይችሉም፣ ጅማንም ሁለት ጊዜ ነው ያዩአት። ስለ አያታቸው ቤት ስነግራቸው በእጄ የምነካው ነገር እሱ ብቻ ነው። ለዚህ የከፈልኩት ብር አይቆጨኝም።

ስለ ዋጋው፦ ቶርስታይን ቬብለን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1899 ሰዎች ብዙ ዕቃ የሚገዙት አቅማቸው ለሌሎች እንዲታይላቸው ነው ብሎ ጽፏል። ዋጋው ሲጨምር ፈላጊው የሚበዛ ዕቃ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሴትዮዋ «ምን ሆኖ ነው የረከሰው?» ማለቷ አልገረመኝም፤ ዋጋውን ስትቀንስ ዕቃውን አንተው ራስህ የናቅከው መሰላት። ለእንግዳ ገዢ 900 ብር አትበል፤ የአባትህን ስም ቅረጽበትና ጨምር። ይህ ግን ለጎረቤትህ አይሠራም። እሷን የሚያዩአት ሰዎች ለበርጩማው ስንት እንደተከፈለ አያውቁም፤ የሶፋን ዋጋ ግን ሁሉም ያውቃል።

የዋንዛ ልጅ (ጅማ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ፣ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩለት። መሮውን አስቀምጦ ዝም አለ፤ ቆይቶም «ስለ ቁመቱ ማንም ነግሮን አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ዝቅ አድርገን የምንሠራው ለምድጃ ዳር ነው፤ ለሽማግሌ ብሎ የለካ የለም። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ገዢ የሚሆነው ከነስሙ 1,500 ብር ይሆናል፤ ሠላሳ ልሞክር ነው። ለሳሎን የሚሆነውን ግን ገና አልሠራሁትም።

እናት ከመንደራ

ከሶፋው እኩል ከፍታ ያለው፣ እጄን የማሳርፍበት መደገፊያ ያለው ብትሠራልኝ ከሶፋው አጠገብ አኖረዋለሁ። ጉልበቴም ከዝቅታ መነሳት እያቃተው ነው።

የዋንዛ ልጅ (ጅማ)

እሠራልዎታለሁ። ሲቀመጡ ከወለሉ እስከ ጉልበትዎ ስንት ስንዝር እንደሆነ በልጅዎ እጅ ያስለኩና ይጻፉልኝ። የልጅዎን ስንዝርም በሴንቲሜትር ጨምረው ይንገሩኝ፤ ግንዱን ቅዳሜ ልንቆርጥ ነው።