ዓለም አቀፉ የኒውሮኬሚስትሪ ማኅበር ለጓያ ጥናት ምን ይረባል?

ጓያ_04፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓያ ውስጥ ያለው ቤታ-ኦዳፕ የተባለ መርዝ በአይጥ አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት የማስተርስ ሥራ እየሠራሁ ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ያለው ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ሴንትሪፉጅና አንድ −20 ፍሪዘር ነው። ዓለም አቀፉ የኒውሮኬሚስትሪ ማኅበር የእውነት ማኅበር ነው ወይስ "የተከበሩ ፕሮፌሰር" እያሉ ኢሜይል ከሚያዘንቡት አንዱ? ለድሃ አገር ተመራማሪ የሚሰጠው ገንዘብስ ከየት ይመጣል? ለማመልከትስ የጉዞ ድጋፍ ነው ወይስ የኬሚካል መግዣ የሚያዋጣው?

ሊፒድ፦
የእውነት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሙያው፣ ማለትም የአንጎልና የነርቭ ኬሚስትሪ ጥናት፣ ከማኅበሩ በጣም ይቀድማል። ለንደን ይኖር የነበረው ጀርመን ተወላጅ ሐኪም ቱዲኩም በ1884 ስለ አንጎል ኬሚካላዊ ይዘት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። በአንጎል ቅባቶች ውስጥ ላለው ሞለኪውል ስፊንጎሲን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ነገሩ እንደ ስፊንክስ እንቆቅልሽ ቢሆንበት። ከሱ በኋላ ለብዙ ዘመን የአንጎል ኬሚስት የራሱ የሚለው መሰብሰቢያ አልነበረውም። ፊዚዮሎጂስቶቹ የራሳቸው ቤት ነበራቸው፣ ባዮኬሚስቶቹም እንዲሁ፤ እሱ ግን በሁለቱም ዘንድ እንግዳ ነበር።

በ1954 ኦክስፎርድ ላይ በማደግ ላይ ስላለ የነርቭ ሥርዓት ባዮኬሚስትሪ ጉባኤ ተደረገ። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ቀጠለ፦ 1956 ኦርሁስ፣ 1958 ስትራስቡርግ፣ 1960 ቫሬና፣ 1962 ሳንክት ቮልፍጋንግ። ነገሩን ከገፉት መካከል እንግሊዛዊው ዴሪክ ሪክተር፣ ኒው ዮርክ የነበረው ሃይንሪክ ቬልሽ እና ከካታሎኒያ ተሰዶ ቦስተን የገባው ጆርዲ ፎልች-ፒ ይገኙበታል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1967 ነው፤ የመጀመሪያ ስብሰባውም በዚያው ዓመት ስትራስቡርግ ላይ ሆነ። ቬልሽ ይህን ሳያይ በ1966 አርፏል።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። ጆርናል ኦቭ ኒውሮኬሚስትሪ መታተም የጀመረው በ1956 ነው፤ ማኅበሩን በ11 ዓመት ይበልጠዋል። ዛሬ መጽሔቱ የማኅበሩ ንብረት ነው፣ የሚያሳትመው ዋይሊ ነው። ማኅበሩን የሚያንቀሳቅሰው በዋናነት ከመጽሔቱ የሚገኘው ገቢ እንጂ የአባላት መዋጮ አይደለም። ስለዚህ ሥራው የናንተን መዋጮ መልቀም አይደለም። ዋናው ስብሰባ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ ከአሜሪካው (1969 የተመሠረተ)፣ ከአውሮፓው (1976) ወይም ከእስያ-ፓስፊኩ ማኅበር ጋር በፈረቃ ይዘጋጃል። 2023 ፖርቶ ነበር፣ 2025 ኒው ዮርክ። አፍሪካ በዚህ ፈረቃ ውስጥ የለችም፤ ይህ የሚያስቆጭ ክፍተት ነው። ሆኖም ከዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት ጋር እየሆነ በአህጉሩ የሚካሄዱ አጫጭር ሥልጠናዎችን ይደግፋል።

ፕሮፎርማ፦
የጉዞ ወይስ የኬሚካል ለሚለው እኔ ልመልስ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው የማኅበሩ የእርዳታና ትምህርት ኮሚቴ ነው። ድጋፉ በሦስት ይከፈላል፦ ሌላ ላብራቶሪ ሄዶ መሥሪያ፣ ለራስ ላብራቶሪ ዕቃ መግዣ፣ እና ውጭ ተምሮ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ሥራ ማስጀመሪያ።

ለዕቃ ስታመለክቱ "ኬሚካሎችና ልዩ ልዩ" ብላችሁ አንድ ድምር ካስቀመጣችሁ አለቀ፣ አያልፍም። እያንዳንዱ ዕቃ ከነካታሎግ ቁጥሩ፣ ከነመጠኑና ከነዋጋው ይጻፍ፤ ፕሮፎርማው ይያያዝ። ዋጋው በዶላር ይሁን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ተመን በባንኮች ገበያ ስለሚወሰን፣ በብር የተሠራ በጀት ገንዘቡ እስኪደርስ ሊፈርስ ይችላል። ሰው የሚረሳው ጭነቱን ነው፤ የአየር ጭነት፣ የትራንዚተር ክፍያና ቀረጥ የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ሌላው ወጥመድ ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ ነው። ዶላሩ በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ገብቶ ብር ከሆነ በኋላ ዕቃውን ከውጭ ለማምጣት እንደገና የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ውስጥ ትገባላችሁ። ለአቅራቢው በቀጥታ ይከፈል እንደሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ጠይቁ።

ቀዝቃዛ ዕቃ ካለበት፣ በስታይሮፎም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ደረቅ በረዶ እንደ ሣጥኑ መጠን በ24 ሰዓት ከ2 እስከ 5 ኪሎ ይተናል። ዓርብ ቦሌ የሚደርስ ጭነት እስከ ሰኞ ስለሚቀመጥ አንቲቦዲው ሞቶ ይወጣል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲደርስ እዘዙ፤ በረዶውን ለሦስት ቀን መዘግየት ጭምር አስልታችሁ አስጭኑ።

ለጉዞ ከሆነ ደግሞ የተቀባዩ ደብዳቤ ነው የሚወስነው። "በደስታ እንቀበላለን" የሚል ደብዳቤ ዋጋ የለውም። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፣ በየትኛው መሣሪያ፣ ማን እንደሚያሠለጥን፣ የቤንች ክፍያ (በላብራቶሪው ለመሥራት የሚከፈል) አለ ወይስ የለም ብሎ ይጻፍ። ከሁሉም በላይ ተመልሳችሁ ያንን ዘዴ በምን መሣሪያ እንደምትቀጥሉ አሳዩ። እዚህ የሌለ ማሽን ላይ ሠልጥኖ መመለስ ለገምጋሚ ብክነት ነው የሚመስለው።

420_ናኖሜትር፦
እኔ የጉዞውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ የጓያው ኬሚስትሪ ራሱ ነው። በስፔክትሮፎቶሜትር የሚሠራው የኦፒኤ (ኦርቶ-ፍታላልዲሃይድ የተባለ ቀለም ሰጪ ኬሚካል) ዘዴ ናሙናውን በ3 ኖርማል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በፈላ ውሃ ላይ ለ30 ደቂቃ ያፈላዋል። ኦዳፑ ወደ ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ ይሰበርና ቢጫ ቀለም ሰጥቶ በ420 ናኖሜትር ይነበባል። ሁለቱ የኦዳፕ ዓይነቶች፣ አልፋውም ቤታውም፣ ያንኑ ነገር ስለሚሰጡ የሚነበበው ድምራቸው ነው። ጓያ ሲቀቀል ወይም ሲቆላ ደግሞ ከቤታው ከፊሉ ወደ አልፋ ይለወጣል፤ አልፋው መርዝነቱ አነስተኛ ነው። የተቆላ ጓያ በኦፒኤ ብቻ ለክቶ "ቤታ-ኦዳፕ ይህን ያህል" ብሎ መጻፍ ገምጋሚ በመጀመሪያው ገጽ የሚጥለው ስህተት ነው። ሁለቱን የሚለየው ኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ነጣጥሎ የሚለካ መሣሪያ) ነው፤ የጉዞው ምክንያት ይህ ይሁን።

ኦፒኤውንም ቢሆን ያልፈላ ናሙና ጎን ለጎን ሠርታችሁ ቀንሱ፤ አለበለዚያ እህሉ ውስጥ ቀድሞ ያለው ነጻ አሚኖ አሲድ ተደምሮ ይገባል።

የጓያ ፍሬ ይዞ መውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረመል ሀብት ከአገር ለማውጣት ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከቪዛው ቀድማችሁ ጀምሩት።

ጓያ_04፦
እግዜር ይስጥልኝ። −20 ፍሪዘሩስ ለአንጎል ቅባት ይበቃል? ቅባቱን በፎልች ዘዴ ለማውጣት ነው።

ሊፒድ፦
ለጥቂት ቀን ካልሆነ አይበቃም። በ−20 የቅባት መኮምጠጥ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፣ የምትለኩት ደግሞ እሱን ነው። −80 ከሌለ አንጎሉ እንደወጣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዝቅዝና በዚያው ቀን ቅባቱ ይውጣ። ኤቲፒ (የሴል የኃይል ምንጭ) ወይም ላክቴት ለመለካት ካሰባችሁ ግን ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላ ቁጥሩ በሴኮንዶች ውስጥ ይለወጣል።

የዘዴው ባለቤት ከላይ የጠቀስኩት ፎልች-ፒ ነው፣ በ1957 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው። ለ1 ግራም አንጎል 20 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርምና ሜታኖል፣ 2 ለ1። ፈጭታችሁ ካጣራችሁ በኋላ 4 ሚሊ ሊትር 0.9% የጨው ውሃ ጨምሩ፤ ቅባቱ ከታች ባለው ክሎሮፎርም ውስጥ ይቀራል። በጨው ፋንታ ንጹሕ ውሃ ከጨመራችሁ አሲዳማዎቹ ቅባቶች ከፊላቸው ወደ ላይኛው ይሸሻሉ፣ ሁለቱ ፈሳሾችም ወተት መስለው አንለያይ ይላሉ። ጋንግሊዮሳይድ (ስኳር የተያያዘባቸው የአንጎል ቅባቶች) የምትፈልጉ ከሆነ ግን የላይኛውን እንዳትደፉት፤ እነሱ ያሉት እዚያ ነው። ቱቦው ብርጭቆ፣ ክዳኑ ቴፍሎን ይሁን፤ ፖሊስታይሪን ክሎሮፎርም ውስጥ ይቀልጣል።