ሁላ ደጋ ላይ ዓመት የሚቀመጥ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ከሐዋሳ ምን ይዞ ይውጣ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ፈረንጅ በሚቀጥለው ሳምንት ከሐዋሳ ወደ ሁላ ወረዳ ይወጣል። ቀበሌው ከወረዳው ከተማ ከሀገረ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የተሰጠው ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር ነው፤ መብራት የለውም። ከገበያ ምን እንግዛለት? ምንስ አስቀድመን እንንገረው?

ደጋ ሰው፦
ከሁሉ በፊት ብርዱን ንገሩት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሀገረ ሰላም ግን 2,700 ሜትር ታልፋለች፤ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ ሥር የሚነጠፍ ሸራና ቦቲ ጫማ ግዙለት።

አደራ የምላችሁ ግን የከሰሉን ነገር ነው። ሲበርደው ምድጃውን ወደ መኝታው አስገብቶ በሩን ይዘጋል። "ውጭ አቀጣጥዬ ጭሱ ሲያልቅ አስገባዋለሁ" ማለት አያድንም፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፣ ፍሙ ቀይ ሆኖም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወዲያው ውጭ አየር ላይ ይውጣ። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት። ለመኝታ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ኮዳ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ማድረግ ይበቃዋል።

ነርሷ፦
ከላይ ባለው ላይ ውሃውን ልጨምር። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ ይጥለል፣ ከዚያ ይፍላ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይግዛ፤ አንዱ ለመጠጥ ብቻ፣ ክዳኑ የማይጠፋ። ቦሎቄም በዚሁ ምክንያት አልበስል ይላል፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድር፣ የዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ።

ቁንጫ አይቀርለትም። የቁንጫው እጭ የሚያድገው ወለሉ አቧራ ውስጥ ስለሆነ ውሃ እየረጩ በየቀኑ መጥረግ፣ አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ ፍራሹን በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው። የወባ አጎበር ይያዝ፤ ደጋው ላይ ባያስፈልገው እንኳ ሐዋሳ ሲወርድ ያስፈልገዋል።

ሻፌታ፦
ምግቡ ዋሳ ነው፣ ማለትም ቆጮ። እንግዳ ሲከበር ዋሳው በቅቤ ርሶ ቡርሳሜ ይሆንና ሻፌታ በሚባል የሸክላ ዕቃ ይቀርባል። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ያልለመደ ሆድ ይረበሻል፤ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ትንሽ ይቅመስ እንጂ ጨርሶ እምቢ አይበል። "ዳኤ ቡሹ" ሲሉት እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው ነው። ከአማርኛ በፊት የሲዳምኛ ሰላምታ ቢያስጠኑት ይሻላል። ሰው ቤት ሲጠራ አንድ ኪሎ ስኳር ይያዝ።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀትና ገንዘቡስ?

ሻፌታ፦
ማህተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ከወረዳው ለቀበሌው ይጻፍለት፤ ሦስት ኮፒ ይያዝ። ኔትወርክ በጠፋ ቀን ቴሌብር አይሠራም፣ ስለዚህ የ10 እና የ50 ብር ኖት ይኑረው። ለስልኩ አነስተኛ ሶላርና ፓወር ባንክ ይበቃዋል። ሰዓቱንም አስረዱት፤ "መኪናው 2 ሰዓት ይነሳል" ካሉት በእሱ ሰዓት ጠዋት 8 ነው። ያውም ሲሞላ ነው የሚነሳው፤ ከገበያ ቀን ውጭ ቶሎ አይሞላም።