ሄግ ወይስ አገር ቤት፦ የጅምላ ግድያ ፍርድ የት ይሰጥ?

አወያይ፦
እንደምን አመሻችሁ የጎንደር ልጆች። ስለ ሽግግር ፍትሕ፣ ማለት ከጦርነትና ከጭቆና በኋላ ያለፈው በደል እንዴት ይዳኝ ስለሚለው፣ የጀመርነው ወሬ ሳይቋጭ ስለቀረ ጥያቄውን አጥብቤ ላንሳው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2016 ያጸደቀው ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት ይቋቋማል ይላል። ይህ ይበቃል? ወይስ ኢትዮጵያ የሄጉን ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ስምምነት ፈርማና አጽድቃ አባል ትሁን? ዘርና ወገን ሳንጠራ፣ ተከባብረን።

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
ትሁን ባይ ነኝ። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 269 ዘር ማጥፋትን፣ ከዚያ ቀጥሎ የጦር ወንጀልን ይደነግጋል። በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን፣ ማለት በሰላማዊ ሕዝብ ላይ በሰፊው ወይም በዕቅድ የሚደረገውን ጥቃት፣ ግን ራሱን ችሎ አልደነገገም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ያለ ወንጀል በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትና በይቅርታም አይታለፍም ይላል። ዳኛው ግን ገልጦ የሚፈርድበት ዝርዝር አንቀጽ የለውም። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው ቢያልቅ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይ ገዳዩ ያን ወገን ለማጥፋት ማሰቡን ማስረዳት አለበት፣ ወይ በተራ ግድያ ይከሳል። የመጀመሪያውን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው፤ ሁለተኛው የሆነውን ነገር አይገልጸውም።

የአዘዞው፦
ጋሼ፣ እርስዎን መሟገት ይከብደኛል፤ ግን በዚህስ አልስማማም። የውጭ ሰው መቼ ፈርዶልን ያውቃል? የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ላይ የፈሰሰው ደም፣ የመርዝ ጋዙም ተደምሮ፣ በዓለም ፊት የተደረገ ነው። ከጦርነቱ በኋላ አገራችን ማስረጃዋን አሰባስባ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች። ኮሚሽኑም አሥር ጣሊያኖች የሚያስከስስ ማስረጃ አለባቸው አለ። በኢትዮጵያ ደም አንድም ሰው ፊቱን ለችሎት አላሳየም። ግራዚያኒን የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ያውም ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ። በወራት ውስጥ ተፈታ። ዛሬም አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና የሄጉ ፍርድ ቤት አባል አይደሉም፤ እነሱ ቋሚ አባል የሆኑበት የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ግን የፍርድ ቤቱ አባል ያልሆነውን አገር ጉዳይ ወደዚያ መምራት ይችላል። እነሱ የማይገቡበትን እኛ ለምን እንገባለን?

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
ስለ ግራዚያኒ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ፣ ያንገበግበኛልም። ግን ሩቅ ሳንሄድ ከመተማ ማዶ ያለችውን ሱዳንን እይ። ሱዳንም አባል አይደለችም፤ በዳርፉር ግዛቷ የተፈጸመውን ግድያ ጉዳይ ወደ ሄግ የመራው ያው ምክር ቤት ነው፣ መጋቢት 1997። የያኔው ፕሬዚዳንት አል በሽር እስከ ዛሬ ሄግ አልቀረበም። ጃንጃዊድ የሚባለው ታጣቂ ቡድን አዛዥ የነበረው አሊ ኩሸይብ ግን ሰኔ 2012 እጁን ሰጠ፣ መስከረም 2018 ጥፋተኛ ተባለ። ከ20 ዓመት በኋላ! ካርቱም ያለ ዳኛ ይህን ያደርግ ነበር?

የማራኪዋ፦
እኔ ሕግ አልተማርኩም። አክስቴ ግን የዚህ ነገር ባለቤት ስለሆነች ልናገር።

በ1970 ልጇ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ታስሮ ሳለ ጠዋት ጠዋት ስንቅ በአገልግል ይዛ ትሄዳለች። ባዶው አገልግል ሲመለስላት «በልቷል፣ አለ» ብላ ትገባለች። አንድ ቀን አገልግሉ ጠፍሩ እንደታሰረ ወጣ። ከፈተችው፤ እንጀራው እንደተጠቀለለ ነው። ጠባቂው «ከነገ ጀምሮ እንዳታመጪ» አላት። መርዶዋ ይኸው ነው፤ ሌላ የነገራት የለም። አስከሬን አልተሰጣትም፣ ድንኳን አልጣለችም፣ ጮኻ አላለቀሰችም፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። አገልግሉ ዛሬም ጓዳዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ማንንም አታስነካም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ቃሏን ሰጠች። አንድ ወጣት መዝጋቢ የልጇን ስም ከነአባቱ ጻፈና መልሶ አነበበላት። «የሞተበት ቀን የተጻፈ ያህል ሆነልኝ» ትላለች እስከ ዛሬ። ይህን የሰጣት የአገር ቤት ፍርድ ነው፣ አልክድም። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ አስተርጓሚ በመሃል የለም።

የጎደለውንም ልናገር። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተመሠረተው ክስ ታኅሣሥ 1987 መታየት ጀምሮ ፍርዱ ታኅሣሥ 1999 ተሰጠ፤ 12 ዓመት። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት ተፈረደበት። መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በይግባኝ ሞት። እዚህ የታሰሩት ባለሥልጣናት የሞት ፍርዳቸው በ2003 ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ መስከረም 2004 ብዙዎቹ ተፈቱ። እሷ ከሬዲዮ ነው የሰማችው። ማንም «እርስዎ ምን ይላሉ?» አላላትም። በዚያ ሳምንት አልጋ ላይ ዋለች።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
እታለም፣ ልቤን ነካሽው። አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋትን ስምምነት በ1941 ስታጸድቅ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በአንቀጽ 281 ከስምምነቱ አልፎ በፖለቲካ ቡድን ላይ የሚፈጸመውን ጨመረ። የአክስትሽ ልጅና እኩዮቹ በደብዳቤና በመጽሐፍ ሰበብ የፖለቲካ ተቃዋሚ ተብለው ሲገደሉ፣ በዓለም አቀፉ ትርጉም ዘር ማጥፋት አይባልም ነበር፤ በእኛ ሕግ ግን ተባለ። አገር ቤት ሁሉ ባዶ አይደለም።

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
ትክክል። ግን የዚያን ጊዜው ልዩ ዐቃቤ ሕግ የተቋቋመው በደርግና በፓርቲው በኢሠፓ ሥርዓት የተፈጸመውን ለመክሰስ ብቻ ነው። ሌላው ታጣቂ ያደረገው ሳይነካ ቀረ። አሸናፊ ተሸናፊውን የሚከስበት ችሎት የሚያመጣው ቂም ነው። አሁንም የምፈራው ይህንኑ ነው። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 የሽግግር ፍትሕ ይኑር ብሏል፤ ከተዋጉት ወገኖች አንዱ በሚሾመው ዐቃቤ ሕግ ፊት ሌላው ምን አምኖ ይቀርባል?

ከሮተርዳም፣ የጎንደር ልጅ፦
አንድ መንገድ ረሳችሁ። ነሐሴ 1970 ደብረ ማርቆስ ውስጥ 75 እስረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደሉ። ግድያውን ያዘዘው የደርግ ባለሥልጣን እሸቱ ዓለሙ የሆላንድ ዜጋ ሆኖ እዚህ ሲኖር ተይዞ፣ ታኅሣሥ 2010 ሄግ ያለው የሆላንድ ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ ሰኔ 2014 በይግባኝም ጸና። ይህ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ተራ የሆላንድ ዳኞች ናቸው። ስለዚህ አባል ሆንን አልሆንን፣ የሸሸ ሰው በሸሸበት አገር ሊጠየቅ ይችላል።

የአዘዞው፦
ያን አልቃወምም። እኔ የምለው መሠረቱ እዚህ ይሁን ነው።

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦
እንግዲያው መሃል ያለውን እንይ። በቻዱ የቀድሞ ፕሬዚዳንት በሂሴን ሃብሬ ላይ የፈረደው ዳካር ላይ የተሰየመ የአፍሪካ ችሎት ነው፤ ሴኔጋልና የአፍሪካ ኅብረት አቋቋሙት፣ ግንቦት 2008 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እዚያ ያደረሱት ተጎጂዎቹ ናቸው፤ ከ15 ዓመት በላይ ሳይታክቱ ደጅ ጠኑ። የአገርና የውጭ ዳኛ አንድ ላይ የሚቀመጥበት ችሎት ቢኖረን የጋሼም ስጋት፣ የአዘዞውም ቁጭት ይቀላል።

የአዘዞው፦
ዳኞቹ አፍሪካውያን ከሆኑ እሰማለሁ። ሄግን ግን አሁንም አልፈርምም።

የማራኪዋ፦
ጋሼ፣ ሄግ የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ያያል?

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
አያይም፣ እህቴ። የሮም ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በ1994 ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። ዛሬ አባል ብንሆን እንኳ መንግሥት የተለየ መግለጫ ካልሰጠ ስምምነቱ ለእኛ ከጸናበት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።

የማራኪዋ፦
እንግዲያው እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እናንተ ችሎቱ የት ይቀመጥ ትላላችሁ፤ አክስቴ 80 አልፋለች። በቅርቡ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችም በየቀበሌው አሉ፤ ማንም ቃላቸውን አልጻፈም። ችሎቱ አዲስ አበባም ይሁን ዳካር፣ ሲከፈት ማን ቆሞ ይመሰክራል? መዝጋቢው የጻፈው ወረቀት የት እንዳለ እንኳ አናውቅም። ነገ እሑድ እሷ ጋ እሄዳለሁ፣ በስልኬ ልቅዳት ብዬ አስባለሁ። እንዴት ላድርገው?

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
ቅጃት። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሙሉ ስሟን ራሷ ትናገር። «እገሌ ነው አይደል?» እያልሽ አትምሪያት፤ «ከዚያስ?» ብቻ በያት። ስታለቅስ አታቋርጪ፣ አትቁረጪም። አገልግሉን ከነጠፍሩ አብረሽ አንሺው። ፋይሉን ሳትነካኪ ሦስት ቦታ አስቀምጪ።

የአዘዞው፦
እኔም ከጎረቤታችን ሽማግሌ ጋር እሞክራለሁ። አዘዞ ላይ የሆነውን በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ጋሼ፣ ሰኞ ቢሮዎ ልምጣ?

ጠበቃው፣ ፒያሳ፦
ከ3 ሰዓት በኋላ ና።